ጎረቤት ያሳየኝ አዲስ አበባ

ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው «ቤቱ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው የለም» ሲል ደጋግሜ እሰማለሁ። ሰውማ አለ። ከግድግዳው ማዶ ሲስል ይሰማል፤ ማታ ደረጃ ሲወጣ ኮቴው ይሰማል። የጠፋው ጉርብትናው ነው። እኔም የድሮ ሰፈሬን ለቅቄ አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ስገባ ስሜቴ ይኸው ነበር። ዛሬ ግን ልጆቼን ጥዬ የምወጣበት ቤት አለኝ። ቁልፌን አደራ የምሰጠው፣ ሲከፋኝ ሄጄ የማወራው ሰው አለኝ። ተወልጄ ያደግኩባትን አዲስ አበባንም እንደ አዲስ ያየኋት ከእነዚሁ ጎረቤቶቼ ጋር ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እናንተም ጋ ሊሠራ ይችላል።

በድሮው ሰፈር ጉርብትናን የሚሠራው ግቢው ነበር። ቦኖው አንድ ነው፤ ወረፋ ላይ ትገናኛላችሁ። ማድ ቤቱ የጋራ ነው፤ የማን ወጥ እንዳረረ ሁሉም ያውቃል። የመብራት ቆጣሪው አንድ ስለሆነ በየወሩ ሂሳብ ለመካፈል ቁጭ ትላላችሁ። መጣላቱም መታረቁም እዚያው ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ሁሉ በር ዘግቶ ገብቷል። ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው፣ ማድ ቤቱም ቤት ውስጥ ነው፣ መብራቱ የየራስ ካርድ ነው። ስለዚህ ግቢው ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ሰው አስቦበት መሥራት አለበት። ሁሉም ይሉኝታ ይዞት ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። አንድ ሰው ከጀመረ ይበቃል። ያ ሰው እናንተ ሁኑ ነው የምለው።

እኛ ጋ የተጀመረው በውኃ ነው። እንደ ብዙ ሰፈር የእኛም ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ሲመጣም ላይኛው ፎቅ ለመድረስ ጉልበት የለውም። እላይ ያሉት ሌሊት ተነስተው ከታች ቀድተው በጀሪካን ይወጣሉ። አንድ ማለዳ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያርፉ አገኘኋቸው። «እማማ፣ ይስጡኝ» ብዬ ተቀብዬ አደረስኩላቸው። ሳይጠጡ መሄድ የለም ብለው ቡና አፈሉ። አቦሉ ላይ የውኃው ነገር ተነሳ። ቶናው ላይ ጎረቤት ተጠራ። በረካው ሳያልቅ ከየፎቁ ማን ማን ሄዶ ሰው እንደሚያነጋግር ተስማማን። ከዚያ አዋጥተን ሮቶና ውኃ መግፊያ ሞተር አስገባን። ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ተራ ወጣለት። ተራው ራሱ ሰውን አስተዋወቀ፤ «ዛሬ የማን ተራ ነው?» እያለ በር የሚያንኳኳ ሰው በዛ።

ከዚህ የተማርኩትን በቀጥታ ልንገራችሁ። «እንተዋወቅ» ብላችሁ ስብሰባ አትጥሩ፤ ማንም አይመጣም። ውኃ፣ የደረጃ መብራት፣ ቆሻሻ፣ ጥበቃ ሲባል ግን ሁሉም ይወጣል። ሕጉም ያግዛችኋል። የጋራ ሕንፃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም፣ ደረጃውና ጣሪያው፣ ግቢውም የጋራ ሆኖ በጋራ መዋጮ እንዲጠበቅ ይላል። ማኅበር ከሌላችሁ በዚህ ጀምሩ። ደረሰኝ ቁረጡ፤ ገቢና ወጪውን ደረጃው መግቢያ ላይ ለጥፉ። ሂሳቡ የማይታይ ከሆነ ሐሜት ይገባል፤ ሐሜት የገባበት ሕንፃ ደግሞ ሮቶ መግዛት ቀርቶ አምፖል መቀየር ያቅተዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተከራዮችን አትርሱ። ማኅበሩ የባለቤቶች ነው፤ ሕንፃው ውስጥ የሚኖረው ግን ብዙ ጊዜ ተከራይ ነው። «እሱ ነገ ይሄዳል» እየተባለ የማይጠራ ተከራይ አያለሁ፤ ይህ ያሳዝነኛል። በሞተር ተራም በመዋጮም በቡናም ከእኛ እኩል ናቸው። እንዲያውም ሕንፃችን ውስጥ ልጅ ሲታመም ሌሊት መኪናውን የሚያስነሳው ተከራይ ነው።

ውኃው ካገናኘን በኋላ በደንብ ያቀራረበን ቅርጫ ነው። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ቄራ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው። በሬ ላይ ዓይኑ አይስትም። ለፋሲካ ካራ ገበያ ሄዶ የሚመርጠው እሱ ነው፤ ከእሱ ጋር ሁለት ሰው ለምስክር ይሄዳል። ስንት መደብ እንደሚሆን አስቀድመን እንስማማለን። ገንዘቡም በሬው ከመገዛቱ በፊት ተሰብስቦ ያልቃል። ይህቺን አጥብቃችሁ ያዙ፤ «በኋላ እሰጣለሁ» ቅያሜ ታመጣለች።

የኮንዶሚኒየም ግቢ ሲሠራ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ የታሰበ የጋራ ቤት አብሮ ይሠራለታል። ሰው ኮሚናል ይለዋል። ብዙ ቦታ የዕቃ ማከማቻ ሆኖ ቀርቷል። የእኛንም ከአሮጌ ፍራሽና ከተሰበረ ወንበር አጽድተን ነው መልሰን ያገኘነው። በዓል ሲደርስ እዚያ ይታረዳል። ሥጋው ንጹሕ ሸራ ላይ በመደብ በመደብ ይደለደላል። ከሽንጡም ከሻኛውም ለሁሉም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም፣ ከጉበቱም ለሁሉም። የቄራው ልጅ አንዱ መደብ ላይ አንድ ቁራጭ ይጨምራል፤ ከሌላው ላይ ያነሳል፤ ራቅ ብሎ ያያል፤ እንደገና ይመለሳል። ሁሉም «እኩል ነው» ሲል እጣ ይጣላል። እያንዳንዱ ሰው ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ የእስክሪብቶ ክዳን። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ይጠራና በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ያስቀምጣል። ምልክታችሁ ያረፈበት የእናንተ ነው። ጭቅጭቅ የለም፤ ሐኪሙም ሾፌሩም እኩል ነው። የቆዳው ገንዘብ ለሕንፃው ሣጥን ይገባል።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሥጋውን አይካፈሉም፤ ቡናውን ግን ይካፈላሉ። ዳቦውንም እንደዚያው። ለኢድ ሲጠሩን ሥጋ የሌለበት ምግብ ለእኛ ለይተው ይሠራሉ፤ እኛም ለገናና ለፋሲካ እንደዚያው እናደርጋለን። ማንም ማንንም ሳያስጨንቅ ሁሉም በልቶ ይነሳል።

ስለ እድር ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ምክር ብቻ። አዲስ እድር ብትመሠርቱም የድሮ ሰፈራችሁን እድር አታቋርጡ። ሰፈሩ ቢፈርስም እድሩ ብዙ ጊዜ ይቀጥላል፤ የተበተነውን ሰው የሚያገናኘውም እሱ ነው። ለአዲሱ ደግሞ ድንኳኑ የት እንደሚተከል ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በኮንዶሚኒየም ግቢ ያለው ሰፊ ቦታ የመኪና ማቆሚያው ነው። በለቅሶ ቀን መኪና ይነሳ አይነሳ ብሎ መከራከር ሐዘንተኛውን ይጎዳል።

አሁን ወደ ሽርሽሩ ልምጣ።

እሱም ከቡና ላይ ነው የመጣው። አንድ ቀን እማማ ስለ ፒያሳ ሲያወሩ አንዷ ጎረቤታችን፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ «እንጦጦን እኮ ወጥቼ አላውቅም» አለች። ሌላዋ ስድስት ኪሎ ሙዚየም ገብታ አታውቅም። እኔ መርካቶን ከዋናው መንገድ አልፌ አላውቀውም ነበር። አብዛኞቻችን የምናውቀው ሰፈራችንን፣ ትምህርት ቤታችንንና የሥራ መንገዳችንን ነው። ኮንዶሚኒየም ደግሞ ቤቱ በእጣ ስለሚወጣ ሰውን ከየአቅጣጫው ሰብስቧል። አንድ ደረጃ ላይ የቄራ ልጅ፣ የሽሮሜዳ ልጅ፣ የፒያሳ፣ የመርካቶ፣ የጉለሌ ሰው ይኖራል። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ያደገበትን ሰፈር ለምን አያሳየንም ተባለ። ደንባችን ይህ ብቻ ነው፦ የሚያስጎበኘው እዚያ ያደገው ሰው ነው። መንገዱን እሱ ይመርጣል፤ የምንቀመጥበትን እሱ ያውቃል፤ ታሪኩንም እሱ ይነግረናል።

መጀመሪያ የሄድነው ሽሮሜዳና እንጦጦ ነው። መሪያችን የሸማ ሠሪ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ከጋሞ መጥተው ሽሮሜዳ ከሰፈሩት ነው። ብዙ ሰው ሽሮሜዳን የሚያውቀው መንገድ ዳር ከተሰቀለው የሐበሻ ቀሚስ ነው። እሱ ግን ከሱቆቹ ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ አስገብቶ ዘመዶቹ ጋ ወሰደን። ሸማኔው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ እግሩን ከትቶ ተቀምጧል። እግሩ ታች መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ እጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያሾልካል፤ ከዚያ ማጉን መታ ያደርገዋል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ሁሉ ይቀራል፤ ክሩን በጣቱ እየቆጠረ ያስገባል። ልጆቻችን ለረጅም ሰዓት ከዚያ አልተነሱም። እኔም ነጠላ ስገዛ ዋጋ የምከራከርበት ሁኔታ ከዚያ ቀን ወዲህ ተቀይሯል፤ ጥለቱ ምን ያህል እጅ እንደሚበላ አይቻለሁና።

ለመግዛት ከሄዳችሁ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፤ ድሩና ማጉ እኩል የተጠጋ መሆን አለበት። ጋቢ ከሆነ አራት ድርቡን ገልጣችሁ እያንዳንዱን እዩ። ላዩ ጥሩ ሆኖ ውስጡ የሳሳ ይገጥማል። ጥለቱን ከጀርባው ገልብጡት፤ ጀርባው የተዝረከረከ ከሆነ ቶሎ ይመዘዛል። ለበዓል ዋዜማ አትሂዱ፤ ዋጋውም ግፊያውም አይቻልም።

ከሽሮሜዳ ሽቅብ በታክሲ እንጦጦ ማርያም ድረስ ይወጣል። ከፍታው ወደ 3,200 ሜትር ስለሚጠጋ ትንፋሽ ይቆርጣል። አስምና ደም ግፊት ያለበት ሰው ከናንተ ጋር ካለ ቀስ በሉ፤ እኛ በየመታጠፊያው እናርፍ ነበር። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያው ማርያም ነው። አጠገቡ የንጉሡ የጭቃ ቤተ መንግሥት አለ። የገረመኝ ቀላልነቱ ነው፤ እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው። ከእሱ ወርደው ነው ፍልውኃ አካባቢ ከተማ የቆረቆሩት፤ እቴጌ ጣይቱ ስሟን አዲስ አበባ ያሏትም በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ማገዶ አልቆ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደነበርና ባሕር ዛፍ መጥቶ እንዳቆያት የነገረን መሪያችን ነው። ዛፉ መካከል ቆመን ስንሰማው ነገሩ ገባን፤ ዛሬም የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች አጠገባችን ያልፉ ነበር።

የእንጦጦ ፓርክን በተመለከተ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፍቶ ለቤተሰብ ምቹ ሆኗል። የእግር መንገዱ ጥሩ ነው፤ ፈረስም ብስክሌትም አለ። ካፌዎቹ ግን ለብዙ ሰው ኪስ ይከብዳሉ። እኛ ከመድረሳችን በፊት በልተን ነበር። ጃኬት ያዙ፤ ከታች ፀሐይ ቢሆንም እላይ ብርድ ነው። ክረምት ላይ አትሂዱ፤ ጭጋጉ ከተማዋን ይደብቃታል። የሚያምረው መስከረምና ጥቅምት ነው።

የፒያሳው ሽርሽር ሌላ ዓይነት ነበር። ያስጎበኙን እማማ ናቸው፤ ያኔ ደረጃ ላይ ጀሪካናቸውን የተቀበልኳቸው። ዶሮ ማነቂያ ነው ያደጉት። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ቤታቸውም አብሮ ሄዷል። «ምኑን ላሳያችሁ?» ብለው መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። ልጃቸው ለምና አመጣቻቸው። ጊዮርጊስ ደጅ ተሳልመው ወጡና የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት እያዩ አቅጣጫ መለካት ጀመሩ። ጥቂት ሄደው ይቆማሉ፤ ዞረው ጉልላቱን ያያሉ፤ ወደ ግራ ጠጋ ይላሉ። በመጨረሻ አንድ ቦታ ቆመው «እዚህ ጋ ነው ማድ ቤታችን» አሉ። ከዚያ ወሬው መጣ። ማን የት ይኖር እንደነበር፣ የማን ልጅ የት እንደተዳረች፣ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት፣ ማታ ማታ ልብስ ሰፊው በር ላይ ይሰበሰብ የነበረው ሰው። ልጃቸው ይህን ሁሉ ሰምታ አታውቅም ነበር። በስልኳ ቀዳችው።

እናት፣ አባት፣ አያት ያላችሁ ሰዎች ይህን አድርጉ። ሰፈሩ ቢፈርስም የሚያስታውሰው ሰው እስካለ ድረስ ቦታው ላይ ቁሙና አስወሩት። ቤት ውስጥ ሲጠየቁ «ምን አለና» የሚሉ ሰዎች ቦታው ላይ ሲቆሙ ሌላ ይሆናሉ። የድሮ ፎቶ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ስም ጻፉ። ሰፈራችሁ ገና ያልፈረሰ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱ፤ በሩን፣ ቦኖውን፣ የሱቁን መስኮት።

ለእማማ ጊዮርጊስ ሁሉ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. የነገሡት እዚያ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎችም ውስጡ አሉ። ፊት ለፊቱ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ናቸው፤ ሐውልቱን ጣሊያን አንስቶት ከነፃነት በኋላ ነው የተመለሰው። አጠገቡ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ሰፊ ስለሆነ ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን ያዙ፤ ከሌላ ጉብኝት ጋር አታጣብቡት። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ቅርብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን የረሸናቸውን ጳጳስ ለልጆቻችን የተረኩላቸው እማማ ናቸው፤ ከእናታቸው የሰሙትን ነው። ሐውልቱ ለባቡሩ ግንባታ ተነስቶ ነበር፤ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሲደክመን ቶሞካ ገብተን እንደ ፒያሳ ልጆች ቆመን ቡና ጠጣን። እማማ ብቻ ወንበር መጣላቸው።

ስድስት ኪሎን ያሳየን ጡረታ የወጣ መምህር ጎረቤታችን ነው። ጋሼ ዩኒቨርሲቲውን ተማሪ ሆኖ ያውቀዋል። ግቢው ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ የታገቱት ባለ ሥልጣናት የተገደሉት እዚያ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። አሁን የኢትኖሎጂ ሙዚየም የሚገኘው በዚያው ቤት ውስጥ ነው። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይታያል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማይወስድ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ደረጃ ቆጥረው የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ጋሼ ልጆቹን ደረጃውን አስቆጠራቸው፤ ከዚያ አደባባዩ ላይ ወዳለው የየካቲት 12 ሐውልት ወሰዳቸውና በ1929 ዓ.ም. የሆነውን ነገራቸው። ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ሲያነበውና ቦታው ላይ ሲሰማው ልዩነት አለው። ማታ ልጄ ሌላ ነገር አላወራም።

ከዚያ በእግር ወደ አምስት ኪሎ ቁልቁል ብትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ እዚያ ናት። አንበሳ ግቢም እዚያው ስድስት ኪሎ ነው፤ ልጆች መጨረሻ ላይ እንዲደሰቱ ለእሱ ሰዓት አስቀሩ። መታወቂያ ያዙ። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ትኬት ሲቆረጥም የኢትዮጵያውያን ዋጋ ከውጭ ዜጋ ዋጋ ይለያል።

መርካቶን ባጭሩ። በአዘቦት ቀን ጠዋት ሂዱ፤ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ቦርሳ ከፊት ይያዝ። ሰው ቢጠፋፋ የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ወስኑ፤ እኛ አንዋር መስጊድ በር ላይ ተባብለን ነበር። መስጊዱና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው። ያስጎበኘን ሙስሊም ጎረቤታችን ልጅነቱን ያሳለፈው በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ነው። ከሁሉ የወደድኩት ምናለሽ ተራን ነው። ያለቀ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን፣ ያረጀ ጎማ ተቆርጦ ጫማ ሲሆን እዚያ ይታያል። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል፤ ሕፃን ይዛችሁ አትግቡ።

አሁን የተግባር ነገሮች። ምግቡ የጾም ይሁን። ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልት፣ ቲማቲም ፍትፍት። ቅዳሜና እሁድ ቢሆንም የጾም ወቅት የሚገጥመው አለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ሰሃን የሚበላው እንዲህ ሲሆን ነው። አንድ ፎቅ ምሳ ይሠራል፤ በሚቀጥለው ሌላ ፎቅ። ቡናው ግን ከቤት ተፈልቶ በፔርሙስ ይሄዳል።

ለመጓጓዣ ብዙ ሰው ከሆናችሁ ሚኒባስ ለደርሶ መልስ መከራየት ይሻላል። ዋጋውን ስትስማሙ መጠበቂያውን ሰዓት ጨምራችሁ ተነጋገሩ። ሰው ካነሰ ባቡሩ ርካሽ ነው፤ መጠበቅና መጋፋት እንዳለ ግን እወቁ። መዋጮው ከሳምንት በፊት ይሰብሰብ። የማይችል ሰው እንዳለ የምታውቁ ከሆነ ሰው ፊት አትጠይቁት፤ እኛ ጋ ከሕንፃው ሣጥን ይሸፈናል፤ ገንዘብ ያዧ ብቻ ታውቃለች።

አዛውንት ካሉ ቦታው መቀመጫና ሽንት ቤት ያለው መሆን አለበት። ለዚህ ወዳጅነት ፓርክ ጥሩ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለ። መራመድ የማይችሉትን የሦስተኛ ፎቅ አባባን ዊልቸር ተውሰን ወስደናቸዋል። ንባብ የሚወዱ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል አለው፤ እኛ ልጆቹን ሰብሰብ አድርጎ የሚወስድ ወላጅ ተራ አውጥተንለታል።

የማይመጣም ሰው አለ። በር ዘግቶ መኖር የሚፈልግ ጎረቤት መብቱ ነው። ሰላምታ አትከልክሉት፤ አትጎትቱትም። በበዓል ዳቦ ላኩለት። አንዱ እንዲህ የነበረ ጎረቤታችን ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን ስናጥን መጥረጊያ ይዞ ወጣ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ሲጨርስ የቀረ ልማድ እንደሆነ የነገረንም እሱ ነው፤ አያቱ በዚያ ዓመት ሁለት ልጅ ቀብረዋል። አሁን በሞተር ተራ ውስጥ ገብቷል። ለሽርሽሩ ገና ነው።

የሚቀጥለው ተረኛ የጉለሌው ጎረቤታችን ነው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ሊያሳየን ቀጠሮ ይዘናል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ይሆናል። ረጅም የእግር መንገድ ስላለው የሚያንሸራትት ጫማ አይሆንም ብሏል። ምሳው የእኛ ፎቅ ተራ ነው።